ከውጭ ከሚመጣ ሰው ጋር መሥራት፤ ደስታችንም ስጋታችንም
(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ይህን ንግግር አንዲት ሴት ብቻዋን አላዘጋጀችውም። የኮሚቴው አባላት ባለፉት ሁለት ወራት በየቡድናችን ስብሰባ፣ በየቡናውና በየገበያው መንገድ የሰማነውን አሰባስበን፣ ተነጋግረንበት የጻፍነው ነው። ስለዚህ «እኛ» ስንል ስለ ሁላችንም ነው። ሐሳባችን ያልተገናኘበትንም ቦታ አልደበቅንም።

ጉዳዩን ታውቁታላችሁ። ከሰዓት በኋላ ድምፅ የምንሰጥበት ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ አንድ ድርጅት የእህል ወፍጮና አነስተኛ መጋዘን ሊሠራልን ፈቃደኛ መሆኑን ገልጾልናል። የስምምነቱ ረቂቅም ተነቦላችኋል። ወፍጮው የሚተከለው ከአስፋልቱ ዳር ነው። ለሦስት ዓመት ገቢው በድርጅቱ የሒሳብ ቁጥር ይቀመጣል። ወፍጮውን የሚያንቀሳቅሰውን ሠራተኛም የሚቀጥረው ድርጅቱ ነው። ከመካከላችን «የመጣን በረከት አንግፋ፤ እንፈርም» ያሉ አሉ። «የሰው ነገር ኋላ ጣጣ አለው፤ ይቅርብን» ያሉም አሉ። ከሁለቱ አንዱን ከመምረጣችን በፊት አንድ ነገር ብንነጋገር ይሻላል ብለን አሰብን። ከውጭ ከመጣ ሰው ጋር ለልማት ስንሠራ በልባችን ያለው ምንድን ነው? ከየትስ መጣ?

የቢሮ ሰዎችም ይህንኑ በሌላ መልክ ይጠይቁናል። «ሕዝቡ በስብሰባ እሺ ይላል፤ ሥራው ሲጀመር ግን አይወጣም፤ ለምንድን ነው?» ይሉናል። አንዳንዶቹ መልሱን ራሳቸው «የግንዛቤ ማነስ ነው» ብለው ይጨርሱታል። እኛ እንዲህ አይመስለንም። ገበሬው የሚያመነታው ስላልገባው አይደለም፤ ከዚህ በፊት ያየው ነገር ስላለ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ይታወቅልን። የጎጃም ገበሬ ተባብሮ መሥራትን ከፕሮጀክት አልተማረም። አረም ሲበረታ ወንፈል እንገባለን፤ ዛሬ ለእኔ ነገ ለአንቺ ነው። አቅመ ደካማ እህሉ ሲደርስበት ደቦ ይጠራል። ሰው ሲሞት ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ እንጀራ ያዋጣል፣ ለቅሶ ይቀመጣል። ዕቁባችን ስንቱን ልጅ ትምህርት ቤት አስገብቷል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ሕግ አለ። የቀረ ይቀጣል፤ ገንዘብ ያዡ ይታወቃል፤ ሒሳቡ በሰው ፊት ይነገራል። ከውጭ የመጣ ሰው ይህን ሳይጠይቅ «ላደራጃችሁ» ሲለን ቅር የሚለን ለዚህ ነው። «ያገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ» ይባል የለ? ከሩቅ የመጣው በሬ ብርቱ ሊሆን ይችላል፤ ማሳውን የሚያውቀው ግን ያገሩ በሬ ነው። ሁለቱ ቢጣመዱ መልካም ነው፤ አንዱ ሌላውን ትቶ ልረስ ሲል ነው ችግሩ።

ስጋታችን የዛሬ ብቻ አይደለም። በእኛ አገር ሜትርና መዝገብ ይዞ የመጣ ሰው ለብዙ ዘመን የሚያስፈራ ሰው ነበር። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ «መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ሊወሰድ ነው» ብሎ ተነሣ። ደጋ ዳሞት ነገሩ ከጠናባቸው ቦታዎች አንዱ ነበር። መንግሥት ጦር ልኮበት ነበር። በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዢውን አነሣ፣ ውዝፍ ግብሩንም ማረ። በደርግ ጊዜ ደግሞ «ወደ መንደር ተሰባሰቡ» ተብሎ የተሠራ ቤት ፈርሶ ሌላ ቦታ እንዲተከል ተደረገ። በ1989 ዓ.ም በክልላችን የመሬት ሽግሽግ ሲካሄድ መሬት ያልነበራቸው፣ ሴቶችም ጭምር፣ አገኙ። ሌሎች ደግሞ «ቢሮክራሲ» እየተባሉ ያላቸው ተቀነሰ። በዚህ አዳራሽ ያን ጊዜ ያገኘንም ያጣንም አብረን ተቀምጠናል። እንዲህ ያለውን ያየች እናት አንድ ወጣት ባለሙያ መጠይቅ ይዞ «ስንት ጥማድ አላችሁ? ስንት ከብት?» ሲላት አሳንሳ ብትነግረው አትፍረዱባት። እሱ ጥናት እያጠና ነው፤ እሷ ግን ቤቷን እየጠበቀች ነው።

ይሁንና ያው ሜትርና ያው መዝገብ ደግሞ እኛን ሴቶችን ጠቅሟል። በ1990ዎቹ የመሬት ይዞታ ሲመዘገብ የባልና የሚስት ስም በአንድ ደብተር ላይ ሰፈረ፤ የሁለታችንም ፎቶግራፍ ተለጠፈ። ስንቶቻችን በሕይወታችን የመጀመሪያውን ፎቶግራፍ የተነሣነው ለዚያ ደብተር ነው። ያኔ ሥራውን የሚያውቁ ባለሙያዎች ከውጭ መጥተዋል። ድንበሩን ይዞ የዞረው ግን የቀበሌው ሰው ራሱ የመረጠው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ነበር። ውጤቱም በሕዝብ ፊት ተነበበ፤ ቅር ያለው ተናገረ። መለኪያው አንድ ነው፤ የያዘው እጅ ግን ተለየ። እኛ የምንለው ዋና ነገር ይህ ነው። የምንፈራው ከውጭ የመጣውን ሰው አይደለም። የምንፈራው ሥራው፣ ገንዘቡና ውሳኔው በእኛ እጅ ሳይገባ እንዲሁ ሲቀር ነው።

አሁን «እሺ» ስለምትባለው ቃል ጥቂት እንበል። በእኛ ዘንድ እንግዳን ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። ሰው ደክሞ መጥቶ፣ አረፍ ብሎ፣ ወረቀቱን አውጥቶ ሲጠይቅ ማሳፈር ይከብደናል። ስለዚህ «እሺ፣ ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን» እንላለን። ይህ እሺታ «ሰምተንሃል፣ አክብረንሃል» ማለት ነው እንጂ «ተስማምተናል» ማለት አይደለም። ልዩነቱን ጎረቤት ያውቀዋል። ከሩቅ የመጣው ሰው ግን «ሕዝቡ በሙሉ ድምፅ ተቀብሎታል» ብሎ ጽፎት ይሄዳል።

ለሴት ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስብሰባው የሚጠራው ብዙ ጊዜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያን ሰዓት ቡኮው ወጥቶ ምጣድ የሚጣድበት፣ ውሃ የሚቀዳበት፣ ግርግም የሚጠረግበት ነው። ደርሰን ከገባንም ከኋላ ነው የምንቀመጠው። ባል፣ አማት፣ ሊቀመንበሩና ቄሱ ባሉበት «የሴቶች ችግር ምንድን ነው?» ስንባል የልባችንን የምንናገርበት ቦታ አይደለም። መኪናውን አይተን መልሱን እንገምታለን። የውሃ ድርጅት ከሆነ ውሃ፣ የዶሮ ከሆነ ዶሮ እንላለን። ውሃውም ዶሮውም ያስፈልገናል፤ ውሸት አልተናገርንም። ግን ሌላ ብንል የመጣውም እንዳይቀርብን እንሰጋለን።

በጎውንም እንመስክር። አንዲት ወጣት ባለሙያ በገበያ ባልሆነ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሴቶቹ ብቻ ቡና በሚጠጡበት መጥታ ጠየቀችን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሳ የጻፈችውን አነበበችልን፤ «እንዲህ ብላችኋል፤ ልክ ነው?» አለችን። አንዲት እናታችን ያን ጊዜ «ከምንጩ ቤቴ ግማሽ ሰዓት ነው ያልሁሽ ባዶ እንስራ ይዤ ስወርድ ነው፤ ሞልቼ ስመለስ አንድ ሰዓት ነው» ብለው አረሟት። እሷም ሰርዛ ጻፈችው። ያች ልጅ ምንም ዕቃ አላመጣችም ነበር። ዛሬም ግን ስሟ በመልካም ይነሣል።

ስለ ውሃ ካነሣን ሁለት ታሪክ እናወዳድር። አንዳንድ አባሎቻችን በሚኖሩበት ቀበሌ፣ ስሙን የማንጠራው ድርጅት የውሃ ጉድጓድ አስቆፈረ። ቦታው የተመረጠው መኪና ስለሚገባበት ነበር። ያ ቦታ ከየካቲት ወዲያ እንደሚደርቅ ሴቶቹ ያውቁ ነበር፤ የጠየቃቸው ግን የለም። ጉድጓዱ በመስከረም ተመረቀ፤ ያን ጊዜ ሁሉም ቦታ ውሃ ነው። በመጋቢት ፓምፑ ባዶ አየር ይስብ ጀመር። ዓመት ሳይሞላው ተሰበረ። መለዋወጫው ከየት እንደሚገዛ የሚያውቅ ሰው በቀበሌው አልነበረም። ዛሬ ቆሞ የቀረው ሰሌዳው ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የክልላችን ታሪክ ነው። በፊንላንድ መንግሥት ድጋፍ የገጠር ውሃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም የሚባል እ.ኤ.አ. በ1994 በአማራ ክልል ተጀምሮ እስከ 2011 ሠርቷል። መጀመሪያ ላይ እንደ ሌላው ነበር፤ ዕቃውን የሚገዛው፣ ሠራተኛውን የሚልከው ፕሮግራሙና መሥሪያ ቤቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ግን አሠራሩ ተለወጠ። ለግንባታ የሚሆነው ገንዘብ በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በኩል፣ ማለትም ሁላችንም በምናውቀው፣ ዛሬ ጸደይ ባንክ በሆነው በአብቁተ በኩል፣ ለመንደሩ የውሃ ኮሚቴ በቀጥታ ይሰጥ ጀመር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መንደሩ ራሱ ያመለክታል። የውሃ ኮሚቴ ይመርጣል፤ ሴቶችም ይገቡበታል። ሰዉ ድንጋይና አሸዋ ያቀርባል፣ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ለጥገና የሚሆን ጥሬ ገንዘብም አስቀድሞ ይቆጥባል። ወረዳው መርምሮ ሲያጸድቅ ገንዘቡ በየደረጃው ይለቀቃል፤ የፊተኛው ካልተወራረደ ቀጣዩ አይወጣም። ሲሚንቶውን የሚገዛው፣ ግንበኛውን የሚቀጥረው፣ ፓምፑን የሚያስመጣው ኮሚቴው ነው። የወረዳው ባለሙያ ያሠለጥናል፣ ጥራቱን ይቆጣጠራል። መጀመሪያ ብዙ ሰው «ገበሬ ይህን ገንዘብ ይዞ ይጠፋል» ብሎ ነበር። ሆኖም ሥራው ከቀድሞው ፈጠነ፤ ተሠርቶ የሚበላሸውም አነሰ። ኋላ «በማኅበረሰብ የሚመራ ፕሮጀክት» ተብሎ ከመንግሥት የውሃ ሥራ ስልቶች አንዱ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኮዋሽ በተባለው ፕሮጀክት ወደ ሌሎች ክልሎችም ተሻገረ። እዚህ ክልላችን ውስጥ ተሞክሮ ለሌላው የተረፈ ነገር ነው።

በሁለቱም ታሪክ ገንዘቡ ከውጭ መጣ። በሁለቱም መሐንዲሱ ከውጭ መጣ። ልዩነቱ በሁለተኛው ሲሚንቶው ስንት እንደተገዛ የምታውቅ ሴት በመንደሩ መኖሯ ነው። ሒሳቡን የያዘች ሴት ፓምፑ ሲሰበር የሰው መጥቶ መጠገን አትጠብቅም። ዕቃው ከየት እንደተገዛ፣ ማን እንደሸጠው ታውቃለች።

ከውጭ የመጣ ዕውቀት ሁሉ ባዶ ነው አንልም። ቡሬና ወንበርማ ዛሬ በበቆሎ የሚታወቁት በምርጥ ዘርና በማዳበሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ፕሮግራም በግማሽ ሄክታር ማሳያ መሬት ላይ አዲሱን አዘራር ሲያሳይ የሳቁ ነበሩ፤ አዝመራው ሲደርስ ግን ሳቁ ቆመ። ትምህርቱ እውነት ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 አገር ምድሩ በቆሎ ሲያመርት ዋጋው ወደቀ። የዘርና የማዳበሪያው ዕዳ ግን አልወደቀም። ያን ዓመት ዕዳ ለመክፈል በሬ የሸጠ ቤት እናውቃለን። ያስተማረን ሰው ስለ ምርቱ ነገረን፤ ምርቱ ከጎተራ ከሞላ በኋላ ስለሚሆነው ግን አብሮን አላሰበም። ከዚያ ወዲህ እ.ኤ.አ. በ2004 በተጀመረና የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም በካናዳ መንግሥት ድጋፍ ባካሄደው ፕሮጀክት ቡሬ ከ10 የመማሪያ ወረዳዎች አንዷ ስትሆን፣ ሥራው የተጀመረው ገበያ ምን ይፈልጋል ከሚለው ነበር። ከዚህ የተማርነው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ከዚያስ በኋላ?» የሚለው።

ለሚመጡትም እንፍረድላቸው። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ከቤተሰባቸው ርቀው በየቀበሌው የሚያድሩ ናቸው። በጀታቸው በሰኔ ይዘጋል፤ ሪፖርቱን የሚጠብቅ አለቃ አለባቸው። የእኛ ሐምሌ አረም፣ የእኛ ኅዳር አጨዳ በእነሱ ወረቀት ላይ የለም። ክፋት ስላላቸው አይደለም፤ ቀን መቁጠሪያችን ስላልተገናኘ ነው። ዕውቀቱ ከውጭ ሆኖ ሰዋ ከቤት ስትሆን ነገሩ እንዴት እንደሚቃና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቻችን አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም ለየቀበሌው ሁለት ሴቶች ሲመደቡ፣ የተመረጡት ከአካባቢው ልጆች ነበር። ክትባት ምን እንደሆነ ያስረዳችን የጎረቤት ልጅ ስለሆነች ነው የሰማናት፤ ስትሳሳትም ቤቷ ሄደን እንነግራታለን።

ባለፉት ጥቂት ዓመታት በክልላችን ግጭት ሲነሣ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ብዙ ፕሮጀክትም ሥራውን አቁሞ ሰዎቹን አስወጣ። አንወቅሳቸውም፤ ነፍስ ይቀድማል። ነገር ግን ያን ጊዜ ምን ቀጠለ፣ ምን ቆመ ብለን ተጠያየቅን። መኪና ሲመጣ ብቻ የሚንቀሳቀሰው ሁሉ ቆመ። የየቡድናችን የቁጠባ ሣጥን ግን ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ ነበሩና በየሳምንቱ ተከፈተ። ወላድ ከዚያ ተበድራ ታከመች፤ ዘር ያጣች ከዚያ ገዛች።

እንግዲህ ወደ ወፍጮው እንመለስ። «ይቅርብን» ማለት ቀላል አይደለም። ዛሬም እህል ተሸክመን ሁለት ሰዓት የምንጓዝ፣ ተራ ሳይደርሰን አድረን የምንመለስ አለን። እንዳለ እንፈርም ማለት ደግሞ ሰሌዳው ብቻ የቀረበትን ጉድጓድ መድገም ይሆናል ብለን እንሰጋለን። ኮሚቴው ለድምፅ የሚያቀርበው ሦስተኛ መንገድ ነው፤ ወፍጮውን እንቀበል፣ ረቂቁ ግን በአራት ነጥብ ይሻሻል።

አንደኛ፣ ገቢው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በማህበራችን ስም በተከፈተ የሒሳብ ቁጥር ይግባ። ድርጅቱ ለአንድ ዓመት አብሮ ይፈርም፤ ሒሳቡም በየወሩ በአባላት ፊት ይነበብ።

ሁለተኛ፣ ድርጅቱ የሚወጣበት ቀንና ያን ቀን ማሽኑ የማን እንደሚሆን በስምምነቱ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ከልጆቻችን ሁለቱ ወፍጮውን ማንቀሳቀስና መጠገን ይሠልጥኑ፤ መለዋወጫው ከየት እንደሚገዛም በወረቀት ይሰጠን።

አራተኛ፣ ስለ ቦታው ነው። እዚህ ላይ አልተስማማንም። የከተማ አባላት ኤሌክትሪኩ ከአስፋልቱ ዳር ስለሆነ እዚያ ይሁን ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። የገጠር አባላት መንገዱ አሁንም ሩቅ ሆነብን ይላሉ፤ እነሱም እውነታቸውን ነው። በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ወደ ገጠሩ ገባ ብሎ ቢተከል በኩንታል ምን ያህል እንደሚጨምር ባለሙያው አስልቶ ያሳየን፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን በእግር ሄደን እንምረጥ።

የፊተኞቹን ሁለት ነጥቦች እንዳንለቅ እንመክራለን። በኋለኞቹ ሁለት መነጋገር ይቻላል። በእኛ በኩል ድንጋይና አሸዋ እናቀርባለን፣ የጉልበት ሥራውን እንሠራለን፣ ከቁጠባችን የድርሻችንን እናዋጣለን፣ ጥበቃውን በተራ እንይዛለን። ያልተስማማንበትን ነገር ደግሞ በጠረጴዛው ላይ፣ ድርጅቱ ባለበት እንናገራለን። ለእንግዳ ክብር ብሎ እሺ ብሎ በኋላ መቅረት ለእሱም አይበጅም፤ ገንዘቡን ያወጣል፣ ሰው አያገኝም።

እዚህ ለተገኛችሁ የጽሕፈት ቤት እንግዶቻችን የምንለምነው አንድ ነገር ነው። ቀጣዩን ስብሰባ ከሰዓት በኋላ ጥሩልን፤ ወይም እኛ ካለንበት ቡና ላይ ኑ። የጻፋችሁትን ደግሞ ተመልሳችሁ አንብቡልን።

እህቶቻችን፣ ከምሳ በኋላ ድምፅ ስትሰጡ አጠገባችሁ ያለችውን እጅ አይታችሁ አታንሡ። የሚከፋችሁ ነጥብ ካለ ተናገሩት፤ በቃለ ጉባኤው እንጽፈዋለን፣ ለድርጅቱም እንዲሁ እንዳለ እናነብለታለን።